ምንጩን እንያዝ

እኛ አምስት ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራችን የኮምፒዩተር ጨዋታ ለመሥራት ስንነሣ አሳባችን ታላቅ ነበር። የአድዋን ዘመቻ በሙሉ፣ ከወረኢሉ ክተት ጀምሮ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድረስ፣ ተጫዋቹ በፈቀደው መንገድ እየተጓዘ እንዲያየው አቀድን። አምባላጌን፣ መቀሌን፣ አድዋን እንሠራለን፤ በሺሕ የሚቆጠር ጦር እናንቀሳቅሳለን፤ በኢንተርኔትም ብዙ ሰው በአንድነት ይጫወተዋል ብለን ጻፍን። ዕቅዱ ሠላሳ ገጽ ሞላ፤ ተጨበጨበልንም።

አንድ ሴሚስተር አለፈ። ዛሬ በእጃችን ያለው አንድ ድንኳንና ጉልበቱ የማይታጠፍ አንድ ፈረስ ነው።

ተሰብስበን ብንመክር ለሁለት ተከፈልን። አንዱ ወገን «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አድዋን ያህል ነገር ማሳነስ ነውር ነው» አለ። ሌላው ወገን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲል መለሰ። በመጨረሻ ሥራውን ለመቀነስ ወሰንን። ይህንንም አንዳንድ ጓደኞቻችን እንደ ሽንፈት ስለ ቆጠሩብን፣ ምክንያታችንን በዚህ መጽሔት ለመግለጽ እንወዳለን።

በመጀመሪያ የሌሎችን ታሪክ እንመልከት። በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ «ስፔስዋር» የተባለውን ጨዋታ ሲሠሩ፣ መነሻቸው እርስ በርስ የሚታኮሱ ሁለት መርከቦች ብቻ ነበሩ። የፀሐይዋን ስበትና እውነተኛውን የከዋክብት ሰማይ ሌሎች ኋላ ጨመሩበት። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዲጂፔን የሚማሩ ጥቂት ተማሪዎች «ናርባኩላር ድሮፕ» የተባለ አጭር ጨዋታ አቀረቡ። ዋና አሳቡ አንድ ነው፤ በአንዱ ግድግዳ በተከፈተ በር ገብቶ በሌላው መውጣት። ልዕልቲቱ ጉልበት የላትም ተብላ መዝለል እንኳ አትችልም። ዳሩ ግን ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ተማሪዎቹን ቀጠራቸው፤ ያ አሳብም በ2007 «ፖርታል» ሆኖ ዓለምን አስደነቀ። በአንጻሩ «ዱክ ኑከም ፎርኤቨር» በ1997 ይወጣል ተብሎ ታውጆ፣ አንዱን ጥለው ሌላውን ሲያነሡ፣ ሲጨምሩና ሲለውጡ የወጣው በ2011 ነው። ከዐሥራ አራት ዓመት ጥበቃ በኋላ የተቀበለውም ወቀሳ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያታችን ከራሱ ከዘመቻው የተገኘ ነው። በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ በቀጥታ ለመስበር የተደረገው ሙከራ ብዙ ሕይወት አስከፈለ። ምሽጉን ያስለቀቀው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ መያዙ ነው፤ የጠላት ጦር በጥር 1888 ዓ.ም. ለቆ ወጣ። እንግዲህ ግድግዳውን ትቶ ምንጩን መያዝ ፍርሃት ነው የሚል ማነው?

እኛም ምንጩን ልንይዝ ቆርጠናል። አዲሱ ጨዋታችን አንድ ምሽግ፣ አንድ ምንጭና ጥቂት ሌሊቶች ብቻ አሉት። ተጫዋቹ ባሉት ጥቂት ሰዎች ውሃውን ይጠብቃል፤ ማንን የት እንደሚያቆም፣ ማንን እንደሚያሳርፍ ይወስናል። ፈረሱን፣ አዝነንም ቢሆን፣ አሰናብተነዋል።

ይህን ስንል ትልቅ አሳብ አይታሰብ ማለታችን አይደለም። የምንነቅፈው በወረቀት ትልቅ ሆኖ ጭብጨባ የሚቀበለውን፣ በሥራ ግን የማይታየውን ትልቅነት ነው። በዚህ ጥፋት እኛው ራሳችን አለንበት፤ ሠላሳውን ገጽ የጻፍነው አድዋን ለማክበር ብቻ ሳይሆን ለመመስገንም ነበር። ዕቅድ የሚመረምሩ መምህራኖቻችንም የገጹን ብዛት ሳይሆን «በመጀመሪያው ወር ምን ታሳዩናላችሁ?» ብለው ቢጠይቁን ብዙ ሌሊት በከንቱ ባልባከነ ነበር።

ስለዚህ በየክፍሉ የመመረቂያ ሥራ የከበዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ዕቅዳችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ያለ እርሱ ሥራው የማይቆመውን አንዱን ነገር ለዩ፤ የቀረውን በድፍረት ሰርዙ። የሰረዛችሁት አይጠፋም፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት ይቆያቸዋል። ያልተፈጸመ ሥራ ግን ለተከታዮቻችን የሚያወርሰው ድንኳንና የማይራመድ ፈረስ ብቻ ነው።