የጠባቂው ዋስ

በአገራችን አንድ ሰው ሥራ ሲቀጠር፣ በተለይም ገንዘብ ወይም ንብረት የሚረከብ ከሆነ፣ ከትምህርት ማስረጃውና ከሕክምና ምርመራው ቀጥሎ የሚጠየቀው ነገር ዋስ ነው። በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» የሚለው ቃል ለዐይናችን እንግዳ አይደለም። ገንዘብ ያዡ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው፣ ሾፌሩ፣ የጥበቃ ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ ይህን በር አልፈው የገቡ ናቸው። ዛሬ ልንመለከተው የፈለግነው ግን ብዙ ሰው አስቦት የማያውቀውን አንድ ሠራተኛ ነው፤ እርሱም ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ፣ ብርድና ሐሩር ሳይል፣ በብሔራዊ ፓርኮቻችን ውስጥ የዱር እንስሳትን የሚጠብቀው፣ በተለምዶ «ስካውት» እየተባለ የሚጠራው ሰው ነው። እርሱን ዋስ መጠየቅ ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ ዋሱ ማን ይሁን?

በመጀመሪያ ጠባቂው በእጁ ምን እንደሚይዝ እንመልከት። ሲቀጠር የሚረከበው ጠመንጃ፣ ጥይት፣ የደንብ ልብስ፣ ምናልባትም ድንኳንና አጉሊ መነጽር ነው። እነዚህ ሁሉ ዋጋ አላቸው፤ ቢጠፉ በብር ይተመናሉ። ነገር ግን በእጁ የሚገባው ይህ ብቻ አይደለም። ከሕገ ወጥ አዳኝ የተነጠቀ መሣሪያ፣ የነብር ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በምሥራቅ በኩል ወደ ባሕር ማዶ ሊሻገር ሲል የተያዘ የአቦ ሸማኔ ግልገል፣ ለሚመለከተው ክፍል እስኪደርስ ድረስ በእርሱና በባልደረቦቹ እጅ ይቆያል። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 6.1 ቶን የሚመዝን የዝሆን ጥርስ በእሳት እንዲቃጠል ተደርጓል። ያ ጥርስ እሳት እስኪነካው ድረስ ለዓመታት በቁልፍ ተዘግቶ ለሰው በአደራ የተሰጠ ነበር። አንድ ኪሎው እንኳ በጨለማ ሾልኮ ቢወጣ ገዢ የማያጣ ዕቃ ነው።

ስለዚህ «ሕይወቱን ለሥራው የሰጠን ሰው ዋስ መጠየቅ ስድብ ነው» የሚሉትን ሰዎች አሳብ አልቀበልም። መሣሪያ የያዘ፣ መንገደኛን አስቁሞ የሚፈትሽ፣ ተጠርጣሪን የሚይዝ ሰው ጥፋት ቢያደርስ የሚጠየቅበት መንገድ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባዋል። በፓርኩ ዳር የሚኖረው ገበሬም ያላግባብ ቢጎዳ ካሣ የሚያገኝበት በር ያስፈልገዋል። የሚያከራክረው የዋሱ ማንነት ነው።

ዋስ በእኛ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሰው ነው። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት «ዋስ ጥራ!» ይባባሉ ነበር፤ ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር ተቆራኝቶ ይውል ያድር ነበር። (ዛሬ ሕመም የጸናበትን ሰው «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው የዚያ ልማድ ቃል በአንደበታችን ስለቀረ ነው።) ዋስ የሚሆነው ሰው ከብሩ ጋር ስሙን ያሲዝ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለዚህ ልማድ ወሰን አበጀለት። ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት እንጂ በግምት አይያዝም ይላል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተመለከተም ውሉ እንደማይጸና ይደነግጋል። ይህ ለዋሱ የተደረገ መልካም ጥበቃ ነው። ለጠመንጃ ሲሆን የገንዘቡን መጠን መጻፍ አያስቸግርም። ለዋልያ ግን ስንት ተብሎ ይጻፋል? ዋልያ ከስሜን ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ በዱር የትም የማይገኝ እንስሳ ነው፤ ገበያ ወጥተው አይተኩትም። እንግዲህ የዋስትናው ወረቀት ብረቱን ይሸፍናል፤ ብረቱ የሚጠብቀውን ፍጡር ግን አይሸፍንም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። እርሱን ለማስረዳት በስሜን እንቆይ። በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተከለለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ግን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ከዚያ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለአደጋው ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የአዳኝ ጥይት ሳይሆን የቤት ከብት ነበር። ላሙና በጉ የዋልያውን ሣር ይግጣሉ፤ እርሻው ወደ ገደሉ ጫፍ ይገፋል። ጠባቂው በየዕለቱ የሚጋፈጠው ባላጋራ እንግዲህ ከሩቅ የመጣ ወንበዴ ሳይሆን በሰንበት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚያገኘው ጎረቤቱ ነው ማለት ነው።

አሁን በዚያ ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት በአሳባችን እንሣል። ገደሉን እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቀዋል፤ የዋልያን ዱካ ከፍየል ዱካ ይለያል፤ ጭጋግ ሲወርድ የት እንደሚጠለል የሚያስተምረው አያስፈልገውም። ለጥበቃው ሥራ ከእርሱ የተሻለ ሰው አይገኝም። ነገር ግን «ዋስ አምጣ» ይባላል፤ ዋሱም ደመወዝተኛ ወይም ባለ ቤት ወይም የታወቀ ሀብት ያለው እንዲሆን ይጠየቃል። አባቱ ያለው ጥማድ በሬና ቁራሽ መሬት ነው። ደመወዝተኛ ዘመድ የለውም። ወዴት ይሂድ? ከአካባቢው ሰዎች መካከል ሀብት አለው ወደሚባለው ሰው ይሄዳል። በዚያ አገር ሀብት ማለት ደግሞ በአብዛኛው ከብት ማለት ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ያን ሰው ያስፈርማል። ሰውየውም በደግነት ይፈርማል እንበል፤ ክፉ ሰው ነው አልልም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የዋሱ ከብቶች ከፓርኩ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ወጣቱ ምን ያድርግ? ቢያባርራቸው ውለታ በላ ይባላል። ቢይዛቸው ዋሱ «እንግዲያውስ ዋስትናዬን አነሣለሁ» ይለዋል፤ ዋስትናው ከተነሣ እንጀራው አብሮ ይነሣል። ባይዛቸው ደግሞ ነገ የሌላውን ድኻ ከብት በየትኛው አፉ «ውጣ» ይለዋል? ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ጉቦ የሰጠም የተቀበለም የለም። ማንም ሕግ አልጣሰም። ታማኝነትን እንዲያስከብር የተጻፈው ወረቀት ራሱ ጠባቂውን ሊቆጣጠረው ከሚገባው ሰው ጋር አቆራኘው። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም መርማሪ በመዝገብ ላይ አያገኘውም፤ የሚታየው በሣሩ ላይ ብቻ ነው።

ለዚህ አሳብ የሚሰጠውን መልስ አውቃለሁ። «ዋስ ምስክርም ነው፤ የአገር ሰው የአገሩን ልጅ ጠባይ ያውቃል፤ ሌባ መሆኑን እያወቀ ማን ይፈርምለታል?» ይባላል። እውነት ነው፤ ይህን የሚያህል ማጣሪያ ከየትም አይገኝም። ነገር ግን ምስክርነቱንና ገንዘቡን መነጣጠል ይቻላል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ስለ ወጣቱ ጠባይ ቃላቸውን ይስጡ፤ ስለ ጠመንጃው ዋጋ ግን አይያዙ። ቃል የሰጠ ሽማግሌ ከብቱን ለማስለቀቅ የሚያስፈራራበት ወረቀት በእጁ የለም።

ገንዘቡንስ ማን ይያዝ? በአሜሪካ በአንዳንድ ግዛቶች የዱር እንስሳት ሕግ አስከባሪ ሆኖ የሚሾም ሰው የዋስትና ሰነድ እንዲያስገባ ሕግ ያዛል። እንዲህ ያለውን ሰነድ ዋስትና መሸጥ ሥራው የሆነ ኩባንያ ሊሰጠው ይችላል፤ ለዚህም አረቦን ይከፈለዋል። ሹሙ ግዴታውን ቢያጎድል ኩባንያው እስከ ተወሰነው ገንዘብ ድረስ ይከፍልና ዞሮ ከጥፋተኛው ይጠይቃል። አገራቸው ሌላ፣ ኑሯቸው ሌላ ነው፤ ሁሉን ነገር ከእነርሱ እንቅዳ አልልም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ደስ ይለኛል፤ ኩባንያው ላም የለውም። በእኛም አገር የመድን ድርጅቶች የሠራተኛን እምነት ማጉደል የሚመለከት ዋስትና ይሸጣሉ፤ ለገንዘብ ያዥ የሚሆነው ለጠባቂ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። መሥሪያ ቤቱ ጠባቂዎቹን ሁሉ በአንድ ውል ቢያስገባቸው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ይቀላል። በሰው ላይ ለሚደርሰው በደል ደግሞ ይህ ውል አይበቃም፤ ነገር ግን ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት የተጎዳ ሰው መንግሥትን ካሣ መጠየቅ እንደሚችል አስቀድሞ ደንግጓል። የሚቀረው ገበሬው ይህን መብቱን እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

አረቦኑን ግን ጠባቂው አይክፈል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ከእርሱ ላይ ቢቆረጥ የዋስ ፍለጋውን ደጅ ጥናት በረኃብ ለወጥን ማለት ነው። ጎብኚው በፓርኩ በር ላይ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል፤ የሚያየው እንስሳ በሕይወት የቆየው በጠባቂው ነውና ወጪው ከዚያ ቢሸፈን ማንም አይከፋውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሕገ ወጥ አዳኞች ጋር ተታኩሰው በሥራ ላይ የወደቁ ጠባቂዎች አሉ። ጠባቂው ሲሞት ጠመንጃው ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ ተቆጥሮ ርክክብ ይደረግበታል፤ ዋሱም ከግዴታው ይፈታል። ከዚያ በኋላ ሚስቱ ከተማ ለከተማ በየቢሮው በር ላይ ስትንከራተት መታየት የለባትም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ስለ ጠመንጃው ውል በሚፈራረምበት በዚያው ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ የጠባቂው የሕይወትና የአካል ጉዳት መድንም ይፈረም፤ ወጣቱም የቤተሰቡን ስም አስጽፎ ወደ ተራራው ይውጣ።