ስለ ተማሪዎች ክበብና ስለ መዝሙር ቡድን

ትምህርት ማለት መጽሐፍ ማንበብና ፈተና ማለፍ ብቻ አለመሆኑን አባቶቻችን በቃልም በሥራም አስረድተውናል። በጥንቱ ሥርዓት የቆሎ ተማሪው ዜማውንና ቅኔውን ሲማር፥ ውሃ መቅዳትን፥ እንጨት መልቀምን፥ የታመመ ባልንጀራውን ማስታመምን፥ ታናሹንም ማስቀጸልን ከዚያው ጋራ ይማር ነበር። ዕውቀት በባለቤቱ ዘንድ ብቻ ተዘግቶበት የሚቀር ከሆነ በጕድጓድ ተቀብሮ እንደ ተረሳ እህል ነው፤ ለቀለብም አይወጣም፥ ለዘርም አይሆንም።

ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የሚገኙት የተማሪዎች ክበቦች የዚህ መልካም ልማድ ወራሾች ሊሆኑ ይገባቸዋል። የቀይ መስቀል ክበብ፥ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፥ የሥነ ጽሑፍ ክበብ፥ የሚኒ ሚዲያ ክበብ፥ እንዲሁም የመዝሙር ቡድን በየስፍራው ስማቸው ይሰማል። እነዚህ ክበቦች በቀና መንገድ ሲመሩ ምን ያህል ጥቅም እንደሚሰጡ ያለፈው ጊዜ ምስክር ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ኤድስ በሽታ በአገራችን በርትቶ ሳለ፥ በቤት ውስጥ ለመናገር የሚታፈርበትን ነገር በትያትርና በመዝሙር በግልጥ ተናግረው ለሰፈራቸው ሕዝብ ካስጠነቀቁት መካከል የፀረ ኤድስ ክበብ ተማሪዎች ይገኙባቸዋል። ወላጅ ለልጁ ሊነግረው ያፈረውን፥ ልጅ ለወላጁ ነገረው።

ይሁን እንጂ አሁን ብዙ ወላጆችና አንዳንድ መምህራንም የሚያነሡት ክርክር አለ። ይኸውም፥ «የልጆቻችን ትምህርት ወድቆ ሳለ ለክበብና ለመዝሙር የሚሆን ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ክርክሩ ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 ከፍ ቢልም ቍጥሩ አሁንም የሚያሳዝን ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ያየ ወላጅ ልጁን ከመጽሐፉ የሚለየውን ነገር ሁሉ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

እኛ ግን የምንለው፥ ክበብ በአግባቡ ከተያዘ የትምህርት ረዳት እንጂ ጠላት አይደለም ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን ለ9ኛ ክፍል ታናሾቹ ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስቀጽል፥ ታናሹ ያልገባውን ይረዳል፤ ታላቁም ሌላውን ለማስረዳት ሲል የራሱን ጉድለት ያገኘዋል። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ቤተ መጻሕፍቱን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከፍቶ ቢጠብቅ፥ በቤቱ መብራትና ጸጥታ ለሌለው ተማሪ ማንበቢያ ስፍራ ይሆነዋል። እንግዲህ ክበቡን መዝጋት ውጤትን ያሻሽላል ማለት፥ ጎታው ባዶ ነው ብሎ ማረሻውን እንደ መሸጥ ነው።

መዝሙርንም እንደ መዝናኛ ብቻ ቈጥረው የሚንቁት ሰዎች አሉ። በአገራችን ግን ኅብረት የሚገለጠው በዜማ ነው። በማኅሌቱ ከበሮውና ጸናጽሉ፥ መቋሚያውና ሽብሸባው ካልተስማሙ ሥርዓቱ ይፈርሳል፤ በወሎ መንዙማ መሪው ሲያወጣ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ ይቀበለዋል፤ በደቦውም ሥራ ዘፈን አውጪና ተቀባይ ሲስማሙ የአጨዳው ድካም ይቀላል። በመዝሙር ቡድን የቆመ ተማሪም የባልንጀራውን ድምፅ መስማትን፥ ተራውን መጠበቅን፥ ከሌላው በላይ አለመጮኽን ይማራል። የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አንዱ የሌላውን መዝሙር አጥንተው ባንድነት ሲዘምሩ ደግሞ፥ ብዙ ስብከት የማይሠራውን ሥራ ይሠራሉ።

ወጣቶች በሙዚቃ አገርን እንዴት ሊያገለግሉ እንደሚችሉ የታሪክ ምሳሌ አለን። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ልጆች ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ ነበሩ። «አርባ ልጆች» የሚል ስም የወጣላቸው እነዚህ ወጣቶች የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል የተሰማውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። አስጠጊ ያልነበራቸው ልጆች ላስጠጋቸው አገር ይህን ያህል ከሠሩ፥ በአገራቸው የተወለዱት ልጆች ለሰፈራቸው እንዴት አይሠሩ?

ነገር ግን እውነቱን መደበቅ አይገባም። ክበብ በስም ብቻ ያለበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። የአባሎች ዝርዝር በመዝገብ ተጽፎ ለሪፖርት ይላካል እንጂ፥ ክበቡ ዓመቱን ሙሉ አይሰበሰብም። የመዝሙር ቡድኑም የሚጠራው እንግዳ የመጣ ዕለት ብቻ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በክረምት ችግኝ ተክሎ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በበጋ ግን ውሃ የሚያጠጣው የለም። እንዲህ ያለው ክበብ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ልጆቹን ሥራን ሳይሆን ለይምሰል መቆምን ያስተምራቸዋልና።

ስለዚህ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎችን የምንለምናቸው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮችን ነው። በሳምንት የማይታጠፍ አንድ ሰዓት፥ ለዚሁ ሥራ ጊዜ የተሰጠው አንድ መምህር፥ ቍልፉ በተማሪዎች እጅ የሚሆን አንድ ክፍል ይስጧቸው። የሚያገለግሉበትንም ሥራ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይምረጡት። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ተማሪዎች ለወገኖቻቸው ፊደል አስቈጥረዋል፤ ሥራው ታላቅ ነበር። ቢሆንም ዘመቻ በትእዛዝ ይጀመራል፥ በትእዛዝም ያልቃል፤ በፈቃድ የተያዘ ሥራ ግን ታላቁ ለታናሹ እያወረሰው ይኖራል።

ወላጆችም ይልቁንም ለሴት ልጆቻቸው ያስቡላቸው። ወንድሟ በክበቡ ሲቈይ እርስዋ ለቤት ሥራ እየተጣደፈች የምትመለስ ከሆነ፥ ክበቡ የግማሹ ተማሪ ብቻ ይሆናል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሏል። የትምህርት ቤት ችግር ለመምህሩ ብቻ ሲተው ይከብደዋል፤ ተማሪው፥ ወላጁና የሰፈሩ ሕዝብ ሲካፈሉት ግን ይቀልላል። ነገ ይህችን አገር የሚረከቡት ልጆች ሸክም መካፈልን ዛሬ በትምህርት ቤታቸው ካልተለማመዱት፥ ከየት ሊያገኙት እንደሚችሉ ሁላችንም ልናስብበት ይገባናል።