መልካም መንዙማ የቱ ነው?

በዚህ ወር ዐምዳችን ስለ መንዙማ ልንጨዋወት አስበናል። ምክንያት የሆነን አንድ ሰርግ ነው።

ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ለኒካሕ ተጠርተን ሄደን ነበር። የላስታን ደጋ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው በዚያ አገር ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ቤቱም በየሸንተረሩ ተራርቆ የተሠራ ነው። ስለዚህ ሰርግ ሲሆን ከጋሸናም ከኩልመስክም ዘመድ ይሰበሰባል፤ ክርስቲያኑ ጎረቤትም እርዱ ተለይቶለት በራሱ ዳስ ይስተናገዳል። ወጣቶቹ ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ ተከራይተው ኖሮ ከስልክ ላይ መንዙማ ለቀቁ። ድምፁ ያማረ፣ በኪቦርድ የታጀበ፣ ጭብጨባው ሳይቀር በመሣሪያ የተሠራ ነበር። ዳሱ ደመቀ። ታዲያ ከዒሻ በኋላ ነዳጁ አለቀና ሁሉም ነገር ዝም አለ።

ይህን ያስጻፈን ያን ጊዜ የታዘብነው ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አብሮ ሲያጨበጭብ ከነበረው ወጣት መካከል ከአዝማቹ ያለፈ አንድ ስንኝ የያዘ አልተገኘም። አንዱ ሊጀምር ሞከረ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ጠፋበት፤ ሳቅ ሆነ። በዚህ መሐል ከሴቶቹ ወገን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ያለ ድቤ፣ በሰለለ ድምፃቸው አንድ መንዙማ አወጡ። መጀመሪያ ሴቶቹ ተቀበሏቸው፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ፣ በመጨረሻም ዳሱ በሙሉ። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የቲምነት፣ የሐሊማን ሞግዚትነት፣ የመካን መከራ፣ የሰሐቦችን ወደ ሐበሻ መሰደድና የነጃሺን ደግነት ተራ በተራ እያነሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰዱን። ሲጨርሱ አንድ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ፣ «እማ፣ ይህን ሁሉ ከየት ያዙት?» አላቸው።

«ከእናቴ ነዋ፣ ልጄ! ወፍጮ ላይ እሷ ስታወጣ እኔ ስቀበል። እኔ ሐርፍ አልቆጠርኩ፤ ቂርኣቴ እሱ ነው» አሉት።

ለመሆኑ መልካም መንዙማ የምንለው የቱን ነው? ቃሉ ራሱ ይመራናል። «መንዙማ» ከዐረብኛው «ነዘመ» የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም ዶቃን በክር ሰክቶ በሥርዓት መደርደር ማለት ነው። ክሩ ዜማው ነው፤ ዶቃው ቃሉ። ክር የሌለው ዶቃ ይበተናል፤ ዶቃ የሌለው ክር ግን ያው ክር ነው፤ ሙስበሐ ተብሎ ዚክር አይቆጠርበትም።

የወሎ ዓሊሞች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በየጁ የዳናው ሸይኽ አሕመድም ሆኑ ሸይኽ ጠልሐ ቢን ጃዕፈር በመጀመሪያ ኪታብ አስተማሪዎች ነበሩ፤ መንዙማውም ከዚያው ከቂርኣቱ የመነጨ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊም እምነቱን እንዲለውጥ ባስገደዱ ጊዜ፣ ሸይኽ ጠልሐ ከተቃወሙት ግንባር ቀደም ዓሊሞች አንዱ ነበሩ። እኚሁ ዓሊም ሕዝቡ በሚሰማው በአማርኛ፣ በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀም ግጥም ጽፈዋል። ኪታብ ሊነጠቅ ይችላል፤ ወፍጮ ላይ የተያዘን ስንኝ ግን ማን ይነጥቃል?

ይህን ስንል ድምፅን ማቃለላችን አይደለም። የአዛንን ታሪክ እናስታውስ። ቃሉን በሕልሙ የሰማው ዐብዱላህ ቢን ዘይድ (ረ.ዐ.) ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ድምፁ የተሻለ በመሆኑ ለቢላል (ረ.ዐ.) እንዲያስተምረው አዘዙት። እንግዲህ ያማረ ድምፅ ጸጋ ነው፤ በካሴት ዘመን የሸይኽ መሐመድ አወል ሐምዛን መንዙማ የሰማ ሁሉ ይህን አይክድም። ነገር ግን በአዛኑ ታሪክ ቃሉ ቀደመ፤ ድምፁ ቃሉን ሊያደርስ መጣ።

አንዳንድ ወንድሞች «ዜማው ዘፈን ይመስላል» ብለው ሲነቅፉ እንሰማለን። እውነት ነው፣ ይመስላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የአገሩ ሁሉ ቅኝቶች ናቸው፤ ባቲና አምባሰልማ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ዘፋኙም መንዙማ አውጪውም ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ይኸውም በየቤቱ የሚታወቅን ዘፈን ከነዜማው ወስዶ ቃሉን ብቻ መለወጥ። ያን የሚሰማ ልጅ አፉ ሰለዋት ይላል፤ ልቡ ግን የቀድሞውን ቃል እየተከተለ ይሄዳል። ሠሪው ድካም ቆጠበ እንጂ መንዙማ አልሠራም።

የድቤው ነገር ዓሊሞቻችን የሚለያዩበት ስለሆነ ለእነሱ እንተወው። በዒድ ቀን በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ቤት ሁለት ልጃገረዶች ሲያዜሙ አቡበክር (ረ.ዐ.) ሊከለክሏቸው ቢነሱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲተዋቸው መንገራቸው በቡኻሪና በሙስሊም መዘገቡን ብቻ እናስታውሳለን።

ከድቤው ይልቅ የሚከብደው የቃሉ ድንበር ነው። ለአላህ (ሱ.ወ.) ብቻ የሚገባውን ልመና ለፍጡር የሚሰጥ ስንኝ ካለ፣ የትኛውም ዜማ አያድነውም። ሳንሸሽግ እንናገርና ከእኚያ እናት ስንኞች መካከልም አንዱ ቅር ብሎን ነበር። በሰው ፊት ማረም ግን ነውር ሆኖ ተሰማን። በማግሥቱ ለአካባቢው ሸይኽ ስናነሳላቸው ፈገግ አሉና፣ «ስንኟን እኔም አውቃታለሁ፤ ሴትዮዋን ሳታስቀይሙ ለእኔ ተዉልኝ» አሉን። አንዲት ስንኝ ቅር አለችን ብለን ሙስበሐውን በሙሉ እንጣል የሚሉትን ወጣቶች ይህን የሸይኹን አያያዝ እንዲያዩት እንመክራለን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መንዙማ አውጪና ተቀባይ ያለው ነገር ነው። ተቀባዩ እስኪመልስ አውጪው ይጠብቃል፤ በዚያች ትንፋሽ ሰሚው ቃሉን ይይዛል። የዚያ ምሽቱ ድምፅ ማጉያ ማንንም አልጠበቀም፤ ራሱ አወጣ፣ ራሱ ተቀበለ። ወጣቱ ስንኝ አለመያዙ ታዲያ የእሱ ጥፋት ብቻ ነውን?

ጥፋቱ የእኛ የመምህራንም ነው። እኛ በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ያለፍን ነን። በአንደኛው የዐረብኛን ፊደል፣ በሌላው የአማርኛን ተማርን፤ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ማንበብ ግን በሁለቱም ያስተማረን አልነበረም። መጀመሪያ የዐጀም ደብተር የገለጥን ዕለት ፊደሉን አንድ በአንድ እያነበብን፣ የምናነበው የገዛ እናታችን ቋንቋ መሆኑ የገባን ግን ዘግይቶ ነው። ዐረብኛ ለ«ጨ» እና ለ«ኘ» ፊደል ስለሌለው ጸሐፊዎቹ ነጥብ እየጨመሩ የፈጠሩትን ለመለየትም ብዙ ደከምን። እንዲህ ያለ ደብተር በየሳጥኑ ስንት ይኖር ይሆን? በቤታችሁ ካለ እባካችሁ ከእርጥበትና ከአይጥ ጠብቁት፤ ማንበብ ለሚችል ዓሊምም አሳዩት።

ያ ጎረምሳ ግን ነዳጁ ተገዝቶ ሲመጣ ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ አልሄደም። በስልኩ ብርሃን እየታገዘ ከእኚያ እናት ጎን ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። «ቀስ ይበሉ እማ፣ አልደረስኩብዎትም» ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ሳያዜሙ ቃሉ አልመጣ እያላቸው፣ በጻፈ ቁጥር ከአዝማቹ ይጀምራሉ። እስከ ሱብሕ አሥራ አንድ ስንኝ አገኘ። የቀረውን ለመጻፍ ለመውሊድ ቀጠሮ ይዘዋል።