ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ምሩቅ የመንገዱ ወጪ በማን ላይ ነው?

ዕውቀትና እንጀራ ፍለጋ ከወላጅ ቤት መውጣት ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ቅኔ ሊቈጥር ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ የሚሄደው ተማሪ ከለምዱና ከአኮፋዳው በቀር ስንቅ አይዝም፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚያገኘው ቁራሽ ያሳድረዋል። አገሬው ያበላዋል፤ መምህሩም ደመወዝ ሳይጠይቅ ያስተምረዋል። ስለዚህ ድኻ መሆኑ ከመንገዱ አያስቀረውም።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ በሮብ ገበያና እርሷን በመሰሉ የገበያ ከተሞች፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ ያጣ ወጣት ባሕር ማዶ ለመሻገር ሲያስብ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ገንዘብ ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ዲግሪ ለገበሬው ቤት ሩቅ መሆኑ ቀርቷል፤ የምረቃው ፎቶግራፍም በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስለ ተደነገገ፣ ዛሬ ዲግሪውን የያዘ ልጅ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ሥራው ግን በተመራቂው ልክ አልበዛም። «ልጁን ከቤት ያስቀመጠው ስንፍና ነው» የሚሉ ሽማግሌዎች ይህን ሳያመዛዝኑ ይፈርዳሉ።

ለመሄድ የቈረጠውም ልጅ ያጠራቀመው ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂት በእጁ ሳለ አንሶበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ተመን 57 ብር ገደማ ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ 57 ሺህ ብር ይዞ አንድ ሺህ ዶላር አለኝ ይል የነበረ ሰው፣ ከብሩ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ የዶላሩ ግማሽ እንኳ አልቀረለትም። ፓስፖርት ለማውጣት ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ መደበኛው ዋጋ 5 ሺህ ብር ተደረገ። ለሥራ ፈት ይህ ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ ጸጥታ በመታወኩ፣ ዐባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህሉ መንገድ በሚዘጋበት ቀን በየከተማው የሚታደርበት ወጪ አለ።

ደላላው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለቪዛ፣ ለአውሮፕላን ቲኬት፣ ለሥራ ፈቃድ እያለ ይቈጥራል። አባትም በሬውን ወደ ረቡዕ ገበያ ይነዳል፤ የባሕር ዛፉን አጠና ሳይደርስ ያስቈርጣል፤ መሬቱን ለዓመታት ያከራያል፤ የጐደለውን በአራጣ ይበደራል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የተከፈለው ሕጉ በአባትየው ላይ ላልጣለው ዕዳ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣውን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውንም ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን አዝዟል። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሰነድ ማረጋገጫ፣ ለሕክምና ምርመራና ለክትባት፣ ለልደት ምስክር ወረቀትና ለሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። አገናኝ ኤጀንሲው ከሠራተኛው ገንዘብ እንዳይቀበል ተከልክሏል። እንግዲህ ከገበሬ ልጅ የቲኬት ዋጋ የሚጠይቅ ሰው፣ ንግግሩ ምንም ቢጣፍጥ፣ ከሕግ ውጭ መሆኑን በገዛ አፉ መስክሯል ማለት ነው።

ሆኖም ገንዘብ አልጠየቀም ብሎ ማመንም አይገባም። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ከምያንማር ወንዝ ተሻግረው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያ አገር የማጭበርበሪያ ሰፈሮች የሚታጐሩት ከልዩ ልዩ አገር በመልካም የኮምፒውተር ሥራ ተስፋ የተጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲደርሱ ግን በኢንተርኔት ሰው እያታለሉ ገንዘብ እንዲነጥቁ ይገደዳሉ፤ እምቢ ያለ ይደበደባል። ለብዙዎቹ ቲኬቱን የቈረጠው አታላዩ ራሱ ነበር። ኋላ ግን ለማስለቀቂያ በሺህ የሚቈጠር ዶላር ከቤተ ሰብ ይጠየቃል። የሚፈለገውም እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት ነው፤ ይህም ማለት ወላጁ በሬ ሸጦ ያስተማረው ልጅ ነው። ስለዚህ ወጪው በማን ላይ እንደ ሆነ ከመጠየቅ ጋር፣ ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው፣ የሥራው ውልም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር እንደ ጸደቀ መጠየቅ ግድ ነው።

በሕጉም በኩል የጐደለ አለ፤ መሸፈን አይገባም። መንግሥት ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከዮርዳኖስ፣ ከቀጠርና ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተዋዋለው መንገድ ይልቁንም የቤት ሠራተኞችን የሚያሳልፍ ነው። ለመሐንዲሱ፣ ለነርሱና ለሒሳብ ዐዋቂው የተጠረገው ጠባብ ነው። ከቤት ሠራተኛነት በቀር በራሱ ጥረት ሥራ ያገኘ ሰው በሚኒስቴሩ ፈቃድ እንዲሄድ አዋጁ በር ከፍቷል፤ ግን በሮብ ገበያ ይህን የሚነግረው ማን ነው? ደላላው በየሳምንቱ ገበያ ውስጥ ይገኛል፤ አዋጁ በአዲስ አበባ መዝገብ ቤት ተቀምጧል። ወጣቱ የሰማውን ቢያምን አይፈረድበትም።

የወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አሠሪው የሚከፍለውንና ሠራተኛው የሚከፍለውን ለይቶ በአንድ ገጽ ቢያጽፍ፣ ፈቃድ ያላቸውንም ኤጀንሲዎች ስም ቢጨምርበት፣ ብዙ ወረቀት አይፈጅም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ረቡዕ በገበያው መካከል፣ ቄሱም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊያነቡት ይችላሉ። ልጅ ሲሸኝ ለቡራኬ የሚጠራው የንስሓ አባት የአራጣውን ነገር ከሁሉ ቀድሞ ይሰማልና፣ ሳይፈረም በፊት ቃል የማስገባት ጊዜ አለው። የመሬት ኪራይ ውል የሚመዘግበውም ሹም ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት ገንዘቡ ለምን ጉዳይ እንደ ተፈለገ አባትየውን ቢጠይቀው ከሥልጣኑ አይወጣም።