ያወፈረን ዓውደ ዓመቱ አይደለም



አንድ ወታደር ከፈቃድ ሲመለስ ጓደኞቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ፊቱን ነው። ጉንጩ ሞላ ብሎ ከተገኘ «ተመችቶሃል!» ይሉታል፤ ምስጋናውም ለእርሱ ሳይሆን ቤት ላለችው ባለቤቱ ነው። ከስቶ ከተመለሰ ግን ጥያቄው ይበዛል። «ታመሃል ወይ? ቤት ሰላም ነው ወይ?» ይባላል። እንዲህ እየተባለ የባል መክሳት የሚስት ስም የሚነሣበት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። የዛሬው ጽሑፋችን መነሻም ይኸው ነው። አንድ ባል ክብደቱን ለመቀነስ በመወሰኑ ቤቱ ሊናጋ እንዴት እንደደረሰና በምን እንደዳነ እንናገራለን። ባለታሪኮቹ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን ማንሣት አያስፈልግም።

ከጥቂት ወራት በፊት የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ወደ ቢሮዬ መጡ። እንባ እየተናነቃቸው «መቶ አለቃ፣ ባለቤቴ የእጄን አልበላም ካለ ወር ሆነው። ዶሮ ብሠራ ይገፋል፤ ክትፎ ባቀርብ ፊቱን ያዞራል። ሌላ ቤት የሚበላ ይመስለኛል» አሉኝ። በአንድ ትሪ ላይ አብረው ለኖሩ ባልና ሚስት ይህ ጥርጣሬ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንባቢ ይረዳዋል።

ሃምሳ አለቃውን ለብቻቸው ባነጋግራቸው ምክንያቱ ፍጹም ሌላ ሆኖ ተገኘ። ለብዙ ዓመታት በእግር ቅኝት የኖሩት እኚህ ጓድ ከሁለት ዓመት ወዲህ በመጋዘን ሥራ ላይ ተመድበዋል። እግራቸው ዐረፈ፤ የምግባቸው መጠን ግን እንደነበረ ቀጠለ። ቀበቶአቸው ሁለት ቀዳዳ ወደ ኋላ ሄደ። እርሳቸው ግን «ሱሪው በውኃ ተሰብስቦ ነው» እያሉ ጥፋቱን በአጣቢው ላይ ይጥሉ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። በመጨረሻ የጤና ባለሙያው የደም ግፊታቸውን ለክተው ከፍ ማለቱን ነገሯቸው። የሃምሳ አለቃው አባት በዚሁ ሕመም በድንገት ወድቀው ነበርና ልጃቸው ክፉኛ ደነገጡ። ባለቤታቸውን ላለማስጨነቅ ሲሉም ነገሩን ደብቀው በዝምታ ከገበታ መራቅ ያዙ።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ሳልደብቅ መናገር ይገባኛል። ከጦር አካዳሚ ከወጣሁ ብዙ ዓመት አልሆነኝምና ላብ የማይፈታው ችግር ያለ አይመስለኝም ነበር። ስለሆነም «ባለቤትዎን አያሳዝኑ፤ የሠሩልዎን ይብሉ፤ የበሉትን ደግሞ በሩጫ ያውጡት» ብዬ መከርኋቸው። ሃምሳ አለቃው ምክሬን እንደ ትእዛዝ ተቀብለው ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት አምስት ቀን ጎሕ ሲቀድ ግማሽ ሰዓት ያህል ሮጡ። ጉልበታቸው ታመመ፤ ሚዛኑ ግን ከነበረበት ፈቅ አላለም። የጤና ባለሙያውም የደም ግፊት ያለበትንና ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰን ሰው ሳያስመረምሩ በቀጥታ ወደ ሩጫ መስደድ ተገቢ እንዳልነበረ ገሥጸውኛል፤ ተግሣጹም ይገባኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አስቀምጠን በግልጽ ተነጋገርን። እመቤቲቱ የእውነቱን ምክንያት ሲሰሙ መጀመሪያ አለቀሱ፤ ቀጥለውም ደብተር አወጡ። የሠፈራቸው የዕቁብ ጸሐፊ ናቸውና ሒሳብ ያውቃሉ። ባለቤታቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ በቤትም በሥራ ቦታም በአፋቸው ያስገቡትን ሁሉ እንደ ዕቁብ ገንዘብ አንድ በአንድ መዘገቡ። ከጤና ባለሙያው ጋር ሆነን ደብተሩን ስንመረምር ያገኘነውን ከዚህ ቀጥሎ እንመልከት።

ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ኃይል በኪሎ ካሎሪ ይለካል። አንድ ግራም ስኳር ወይም ሌላ ኃይል ሰጪ ምግብ 4፣ አንድ ግራም ቅቤ ወይም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያወጣው ደግሞ 300 ገደማ ነው። እንግዲህ ለአንድ ሰሐን ክትፎ የሚቀልጠው ሦስት ማንኪያ ቅቤ ብቻውን የአንድ ሰዓት መንገድ ያስከፍላል ማለት ነው። እመቤቲቱ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነዋ!» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

ይሁን እንጂ የደብተሩ ቀጣይ ገጽ ሌላ ምስክርነት ሰጠ። ክትፎው የቀረበው በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን፣ እሑድ፣ ብቻ ነበር። ሃምሳ አለቃው መጋዘን ውስጥ የሚጠጡት ሻይ ግን በየቀኑ አምስት ብርጭቆ፣ በእያንዳንዱም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሆኖ ተገኘ። ይህ በቀን 15 ማንኪያ፣ 60 ግራም ስኳር፣ 240 ኪሎ ካሎሪ ነው። በሳምንት ሲደመር 1,680 ይደርሳል። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ጐልማሳ የሚጨምረው ስኳር ከዕለት ኃይሉ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ሰው 50 ግራም ገደማ ነው። የሃምሳ አለቃው ሻይ ብቻውን ከዚህ አልፏል። በዚህ ላይ ከሩጫ በኋላ «ላቤን አፍስሻለሁና ይገባኛል» እያሉ የሚጠጧት አንዲት ጠርሙስ ለስላሳ አለች። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ያለው ስኳር 32 ግራም ገደማ ነው። እርስዋን ተከትሎ ማንዳዚ ይመጣል። በግማሽ ሰዓት ሩጫ የወጣው ኃይል ሰዓት ሳይሞላ በጠርሙስና በማንዳዚ ተመልሶ ይገባ ነበር። ሃምሳ አለቃውን ያወፈራቸው የእሑዱ ክትፎ ወይም የዓውደ ዓመቱ ዶሮ ሳይሆን፣ ምግብ ነው ብለው ያልቆጠሩት የዘወትሩ ነገር ኖሯል። ባለቤታቸውም «እኔ ዶሮዬን ስከስ ጥፋተኛው የሻይ ማንኪያው ኖሯል!» ብለው ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ቀለል አለው።

በእኛ ከተማ ይህ ጉዳይ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ሁለት ከተሞች ናቸው። በመሆኑም የሁለት አገር ማዕድ እዚህ ይገናኛል። ከኬላው ማዶ ጫፓቲው፣ ማንዳዚውና በወተት የፈላው ሻይ፣ ከወዲህ ጥብሱና ክትፎው፣ ከቦረና ገጠር ደግሞ ወተቱና ቅቤው ይመጣል። ሁሉም ጣፋጭ ነው፤ ሁሉም በየቀኑ ከተበላ ግን የሚችለው ሰውነት የለም።

የአካባቢያችን ሕዝብ ራሱ በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ነገር አለው። ቦረናዎች የቡናውን ፍሬ ከነገለባው በቅቤ ጠብሰው የሚያዘጋጁት ቡና ቀላ የተሰኘ የክብር ምግብ አላቸው። ለምርቃት፣ ለሥርዓትና ለእንግዳ ክብር ይቀርባል። ለቡና ቀላ ማዕረግ የሚሰጠው ቅቤው ብቻ ሳይሆን የሚቀርብበት ቀንም ነው። እኛም ዶሮውን ለፋሲካ፣ ገንፎውን ለአራስ፣ ክትፎውን ለእሑድ ብለን ማዕረጉን ብንጠብቅለት ምግቡም ይከበራል፤ ጤናችንም አይጎዳም።

በጾም ወራትም የምንሳሳተው አለ። ሥጋና ቅቤ ስለቀረ ክብደት ይቀንሳል ብለን እንገምታለን። ነገር ግን ዘይት በግራም የሚሰጠው ኃይል ከቅቤ አያንስም። ሽሮው በዘይት ከዋኘ፣ በረመዳን ማፍጠሪያም ላይ ሳምቡሳው በተከታታይ ከተበላ፣ ሚዛኑ ጾም መሆኑን አያውቅልንም።

ስለሆነም በሃምሳ አለቃው ቤት ተሞክረው የሠሩትን ጥቂት ነጥቦች ለሌሎቻችን እናስተላልፋለን።

አንደኛ፤ ከመከልከል በፊት መመዝገብ ይቅደም። ባልና ሚስት አንድ ሳምንት ያህል አብረው ይጻፉ። የሚቀነሰው በመጀመሪያ የዘወትሩ ይሁን። የሻይ ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ሲለመድም ወደ አንድ ይውረድ። የሰውነት ስብ አንድ ኪሎው ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ስለሚይዝ ለውጡ በአንድ ሳምንት አይታይም። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የሚቀንስ ሰው በመልካም መንገድ ላይ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሁለተኛ፤ ስፖርት የበሉትን ዕዳ መክፈያ ብቻ ተደርጎ አይቆጠር። ልብን ያበረታል፣ ጡንቻ እንዳይሟሽሽ ይጠብቃል፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ለመቆጣጠር ይረዳል፤ የቀነሰው ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣም ያግዛል። ለጐልማሳ ሰው የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚህም ጋር ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ 150ውን ይሞላል። በሞያሌ ሙቀት ንጋት ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይመረጣል።

ሦስተኛ፤ አንዳንድ ጓዶች «ላብ ስብ ያቀልጣል» በማለት ላስቲክ ወይም ካፖርት ደርበው ሲሮጡ እናያለን። በዚህ የሚወጣው ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ ሚዛኑ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ አገር ደግሞ ሰውን በሙቀት አዙሮ ሊጥል ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እንተወው።

አራተኛ፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨውንም ይቁጠር። በቀን የሚመከረው ከ5 ግራም በታች፣ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው፤ በወጡና በሚጥሚጣው ውስጥ ያለውም ይታሰባል። የደረት ሕመም፣ የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ያለበት ጓድ ስፖርት ከመጀመሩ በፊት ክሊኒክ ይሂድ። የሚወስደውን መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጥ።

አምስተኛ፤ ይህ ምክር የምታጠባ እናትን አይመለከትም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ጡት ብቻ የምታጠባ እናት በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋታል። ባል «አንቺም ቀንሺ» ብሎ ሊያስቸኩላት አይገባም፤ ይልቁንም ውኃውን ቀድቶ፣ ልጁን ይዞ ዕረፍት ይስጣት።

ወታደርና ሩጫ በአገራችን የቆየ ዝምድና እንዳላቸው ሁላችንም እናውቃለን። የክብር ዘበኛው ባልደረባ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ዕለት የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በቶኪዮ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ፣ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ተደነቀ። ሁላችንም አበበን አንሆንም። ከእርሱ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ፤ እንዲህ ያለ ጽናት ለአንድ ምሽት ግብዣ ቅጣት ተብሎ በሚሮጥ ሩጫ አይገነባም፤ የዘወትር ልማድ ውጤት ነው። የሚያወፍረንም የዘወትሩ፣ የሚያድነንም የዘወትሩ ነው።

የሃምሳ አለቃው ነገር እንዴት ሆነ የሚል ጠያቂ ይኖራል። ሩጫውን በእርምጃ ለወጡ፤ ጉልበታቸው ተሻላቸው። ማታ ማታ ባለቤታቸው አብረዋቸው ይራመዳሉ። በአራት ወር አምስት ኪሎ ቀንሰዋል። የደም ግፊታቸው ወረድ ቢልም ክትትሉ አልተቋረጠም፤ ዕድሜ ልክ የሚጠበቅ ነገር ነውና። የእሑዱ ክትፎ ግን አልቀረም። እንዲያውም ባለፈው እሑድ ጋብዘውኝ ስሄድ ትሪው ላይ ክትፎው ካለፈው ጊዜ አነስ፣ ጎመኑ በዛ ብሎ አገኘሁት። እመቤቲቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለባለቤታቸው አጎረሱ፤ እርሳቸውም ፊታቸውን አላዞሩም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። ከእንግዲህ አንድ ጓድ ሸንቀጥ ብሎ ከፈቃድ ሲመለስ «ቤት ሰላም ነው ወይ?» ብለን ሚስቱን አንጠርጥር። ምናልባት እርስዋ ናት ዕድሜውን የጨመረችለት።