«ቲቸር፣ ዕድሜው በምን ታወቀ?»

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ታገሱኝ።

ከዓመታት በፊት ስለ ጥንታዊት ግብፅ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሸክላው ላይ ዓመተ ምሕረት አልተጻፈበት፤ ዕድሜው በምን ታወቀ?» አለኝ። «ምሁራን አጥንተው ነው፣ ተቀመጥ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀበት። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። ዲፕሎማዬን ስማር ዓመቱን ሸመደድኩ እንጂ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ መልሱ ይኸውልህ።

ፍሊንደርስ ፔትሪ የሚባል እንግሊዛዊ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ላይኛው ግብፅ ውስጥ፣ ናቃዳና ሌሎች ቦታዎች ላይ ከፈርዖኖች በፊት የነበሩ መቃብሮችን ቆፈረ። በሺዎች የሚቆጠሩ! ጽሑፍ የለ፣ የንጉሥ ስም የለ። ሰውየው ብዙ ዕቃ የተገኘባቸውን 900 ያህል መቃብሮች መረጠ። ለእያንዳንዱ መቃብር አንድ ቁራጭ ወረቀት ቆርጦ ውስጡ የነበሩትን የሸክላ ዓይነቶች ጻፈበት። ከዚያ ተመሳሳይ ሸክላ ያላቸው ወረቀቶች ጎን ለጎን እስኪመጡ ድረስ ሲያቀያይር ከረመ። በቃ፣ ወረቀት መደርደር ነው!

የቱ ጫፍ ይቀድማል? እዚህ ላይ ነው የወደድኩት። አንድ ዓይነት ማሰሮ ነበር፣ እጀታው ሞገድ የመሰለ። መጀመሪያ ሆደ ሰፊ ነው፤ እጀታውም የምር ይያዛል። እየቆየ ማሰሮው ቀጠነ፣ እጀታው አነሰ፣ በመጨረሻ ዙሪያውን የተሰመረ ጌጥ ብቻ ሆነ። ስልካችሁ ላይ ያለችውን የመደወያ ምልክት እዩዋት እስቲ። የድሮ የቤት ስልክ እጀታ ናት እኮ! ዛሬ ማንም አይዛትም፣ ሥዕሏ ግን ቀረ።

ፔትሪ ለቅደም ተከተሉ ከ30 እስከ 80 ቁጥር ሰጠው። ዓመት አይደለም፣ ተራ ነው። ከ30 በታች ያለውን ባዶ የተወው የቀደመ ነገር ቢገኝስ ብሎ ነው። በ1920ዎቹ ባዳሪ ላይ እውነትም ተገኘ። ዓመቱ በካርቦን ልኬት የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ ተራው ግን በአብዛኛው ትክክል ሆኖ ነው የቆየው።

ታዲያ እኛ ልጆቹን የምንጠይቀው ምንድነው? «በስንት ዓመት?»፣ ከሀ እስከ መ ምርጫ። እኔ አንዴ «እነዚህን አምስት ዕቃዎች በዕድሜ ቅደም ተከተል ደርድር፣ ምክንያትህን ጻፍ» የሚል ጥያቄ ባወጣ «ለእርማት አይመችም» ተብሎ ተሰረዘ። የአራት ክፍል ወረቀት ለሚያርም ሰው እውነት ነው፣ አይመችም። ግን ዓመት ብቻ የሸመደደ ልጅ ነገ አንዱ የውሸት ዓመት ቢነግረው በምን ያጣራል?

ቤታችሁ የማይሠራ አሮጌ ሞባይል ያላችሁ፣ ባለአንቴናም ይሁን ባለቁልፍ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሰኞ ዘጠነኛ ክፍሎችን ላስደረድራቸው ነው። ዓመቱን አልነግራቸውም።