ስድስት ጊታርና አንድ ጀሪካን

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ሌሎች ቤት ነው። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ራሴ ቤት ነው። ባለቤቴ ጽሑፉን አንብባ "ይውጣ" ብላለች። አንድ ቦታ ላይ ግን እርማት አድርጋለች፤ ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

እንጀራዬን የምበላው በሂሳብ ሠራተኛነት ነው። ጊታር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልተለየኝ የትርፍ ጊዜ ፍቅሬ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ዛሬ አዳማ በምትባለው፣ ብዙዎቻችን ግን እስካሁን ናዝሬት በምንላት ከተማ ነው። በ1985 ዓ.ም. የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአጥቢያችን የነበረው ጊታር አንድ ብቻ ነበር። ለመማር የምንሻማው ልጆች ደግሞ አሥራ አንድ ነበርን። የሚያስተምሩን ወንድም እያንዳንዳችን ለአሥር ደቂቃ እንድንይዘው ይፈቅዱልን ነበር። ተራችን እስኪደርስ ጣውላ ላይ ስድስት መስመር አስምረን ጣታችንን እናለማምዳለን።

እኚህ ወንድም በደርግ ዘመን በየቤቱ ተደብቀው ጌታን ካመለኩት መካከል ነበሩ። "ያኔ በሩን ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንዘምረው" ይሉን ነበር። "እናንተ ግን ክሩን ሳትፈሩ ምቱት።"

እንግዲህ ያ አሥር ደቂቃ የጠማው ልጅ አድጎ ደመወዝ ማግኘት ሲጀምር ምን እንደሚያደርግ ገምቱ። ገዛ። በ1990 ዓ.ም. ከመጀመሪያ ደመወዜ የናይለን ክር ያላትን ጊታር ገዛሁ፤ ራሷ ጋ ተሰንጥቃ በሙጫ ተጠግናለች፣ ዛሬም አለች። ቀጥሎ ከሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ ያማሃ አኩስቲክ ገዛሁ። ከዚያ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ቤዝ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ክር ያለው። አንድ ጊታር ለአሥራ አንድ ልጅ በሆነበት ቤት ያደገ ሰው፣ አምስት ጊታር ለአንድ ሰው ሰበሰበ። በአንድ ጊዜ የምጫወተው ግን ያው አንዱን ነበር። የቀሩት አልጋ ሥርና ቁም ሣጥን ጀርባ ተኝተው ይከርማሉ።

በ2015 ዓ.ም. በሜሪላንድ የሚኖረውን ወንድሜን ልጠይቅ አሜሪካ ሄድኩ። "ምን ልጋብዝህ?" ሲለኝ "ናዝሬት ውሰደኝ" አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የፈለግሁት በፔንሲልቬንያ ግዛት የምትገኘውን ናዝሬት ነበር። በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን ደረስን። የማርቲን ጊታር ፋብሪካ ያለው እዚያ ነው። መሥራቹ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1796 በጀርመን ሳክሶኒ ተወልዶ፣ በ1833 ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ወደ ናዝሬት ተዛወረ። ሥራው እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

በዚያ የተረዳሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልገናል። የብረት ክር ያላቸው ጊታሮች ስድስቱ ክሮች ሲወጠሩ በአንድነት 70 ኪሎ ግራም ያህል ይስባሉ። አንድ ትልቅ ሰው ተንጠልጥሎበት እንደማለት ነው። የፊቱ እንጨት ግን ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ታዲያ ለምን አይሰበርም? ከውስጥ የተለጠፉ ቀጫጭን የእንጨት ድጋፎች ስላሉ ነው። የማርቲን ስም በ1840ዎቹ ከተሠራው በመስቀለኛ ከተዘረጋው ድጋፍ ጋር አብሮ ይነሣል። ከውጭ አይታይም። ከመካከላቸው አንዱ ከሙጫው ቢላቀቅ ጊታሩ ከላይ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ሲመታ ግን ይነዝራል።

ናዝሬትን በ1740ዎቹ የመሠረቷት ሞራቪያውያን የሚባሉት አማኞች ናቸው። በ1727 ሄርንሁት በምትባል የጀርመን መንደር ሌሊትና ቀን የማይቋረጥ ጸሎት ጀምረው መቶ ዓመት ያህል የቀጠሉት፣ ወንጌልንም እስከ ምድር ዳር ያደረሱት እነርሱ ናቸው። ዝማሬና የሙዚቃ መሣሪያ ደግሞ የኑሯቸው ክፍል ነበር። በከተማዋ በሚገኘው የታሪክ ማኅበራቸው ቤት አንድ ቫዮሊን ተቀምጧል። ጆን አንቴስ የሚባል የሞራቪያውያን ልጅ በ1759፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሠራው ነው።

የዚህ ሰው ታሪክ እኛን ይነካል። አንቴስ በዚያው በፔንሲልቬንያ፣ በቤተልሔም ከተማ የሙዚቃ መሣሪያ መሥሪያ ነበረው። የተዋጣለት እጅ ነበር። ነገር ግን መሥሪያውን ትቶ ሄደ፤ በ1770 በሚስዮናዊነት ካይሮ ገባ። ሞራቪያውያን በግብፅ የጀመሩት ተልዕኮ ደግሞ ከመነሻው ዓላማው ኢትዮጵያ መድረስ ነበር። ሳይደርሱ ቀሩ። አንቴስ በግብፅ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ። በ1779 አንድ ሹም ገንዘብ ሊያወጣበት አስይዞ ውስጥ እግሩን በጽኑ አስገረፈው። ቫዮሊኑ ግን ይኸው ናዝሬት ተቀምጧል። እጁ የሠራውን ማስቀመጥ የቻለ ሰው ነበር።

ወደ አገሬ ስመለስ ይህን ታሪክ ለወጣቶች ኅብረት ተናገርኩት። ጭብጨባው ደስ ይል ነበር። የተናገርኩት ግን "እግዚአብሔር ሙዚቀኞችን ይወዳል" የሚለውን ብቻ ነበር። መሥሪያውን ትቶ መሄዱን አለፍኩት።

በዓመቱ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ዕቁብ ደረሰን። ስልሳ ሺህ ብር። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣና ሲመጣም እኛ ጋ ስለማይደርስ ከታች በጀሪካን እንቀዳለን። እንቀዳለን ማለት ባለቤቴና የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጃችን ይቀዳሉ ማለት ነው፤ እኔ ሥራ ነኝ። ዕቁቡ ለታንከርና ለፓምፕ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ የማውቀው ሰው ጊታር ሊሸጥ መሆኑን ሰማሁ። አየሁት፤ ያዝኩት፤ መታሁት። ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር። ለራሴም "ለጌታ ሥራ ነው" አልኩ። ቤት ይዤው ስገባ ባለቤቴ "ስንት ነው?" አለችኝ።

"አሥራ አምስት ሺህ" አልኩ።

ውሸት ብቻውን መኖር አይችልም፤ ጓደኛ ይፈልጋል። "ታንከሩስ?" ስትለኝ "ዋጋው ጨምሯል፣ ትንሽ እንጠብቅ፤ ገንዘቡ ባንክ አለ" አልኳት። አምስት ወር ጠበቅን። የሰው ሂሳብ የማስታርቅ ሰው በራሱ ቤት ሁለት መዝገብ ያዝኩ። በእነዚያ አምስት ወራትም እሑድ እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ በዚያው ጊታር አመልክ ነበር። ከላይ ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ ድጋፉ ተላቋል።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከመዘምራን አንዱ ወጣት ባለቤቴን ሰላም ብሎ፣ "እትዬ፣ የጋሼ አዲሱ ጊታር ድምፁ እንዴት ያምራል! ሠላሳ ስምንት ሺህ ብርም አይበዛበትም" አላት። እርሱ የሚያውቀው ከሻጩ ነው። እርሷ ፈገግ ብላ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች።

በታክሲው ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። "ተቆጥታ ዝም አለች" ብዬ ጽፌ ነበር። ያረመችው እዚህ ላይ ነው። "አልተቆጣሁም" አለችኝ። "ሌላስ ምን ደብቆኛል እያልኩ ዓመታቱን ወደ ኋላ እቆጥር ነበር።"

ወንድሞቼ፣ ይህን አረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡልኝ። የሚስት ቁጣ ያልፋል። ሚስት ዓመታቷን መልሳ መቁጠር ስትጀምር ግን የኖራችሁት ደግ ቀን ሁሉ ይጠረጠራል።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ "ጊታርህን ጠልቼ አላውቅም" አለችኝ። "ሳገባህም ከነጊታርህ ነው። ብትነግረኝ ምናልባት እሺ እልህ ነበር። አንተ ግን የምወስንበትን ነገር ወሰድክብኝ።"

በዚያ ሌሊት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5ን ገለጥኩ። የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ ስለ ስስት ይመስለኝ ነበር። ጴጥሮስ ግን መሬት ስለ ነበራቸው አልነቀፋቸውም፤ ሳይሸጥ የራሳቸው እንደ ነበር፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእጃቸው እንደ ነበር ይነግራቸዋል። ሰጲራንም የጠየቃት ስለ ዋጋው ነው። ያ ቤት የወደቀው በዋጋው ላይ በተነገረ ውሸት ነው። እነርሱስ ቢያንስ ባልና ሚስት ተስማምተው ነበር፤ እኔ ብቻዬን ነኝ የዋሸሁት፣ የዋሸሁትም እርሷን ነው። "ለጌታ ነው" ብዬ ደግሞ ጌታን ምስክር አድርጌበታለሁ።

ይቅርታ ስጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ "ለልጅህም ንገረው፤ ውሃውን የተሸከመው እርሱ ነው።" ከዚህ የከበደኝ የለም። በማግሥቱ ማለዳ አስቀምጬው ነገርኩት። ታንከሩ የዘገየው ዋጋው ጨምሮ ሳይሆን እኔ ገንዘቡን ለጊታር አውጥቼ ስለ ዋሸሁ መሆኑን። ልጁ ብዙ አልተናገረም። "እሺ አባዬ" አለና ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ደረጃው ሄደ። ሁለተኛውን አንሥቼ ተከተልኩት። አራት ፎቅ በሃያ ሊትር ውሃ ስወጣ ጊታሬ ምን ያህል እንደሚመዝን ገባኝ።

ጊታሩን በሠላሳ አንድ ሺህ ሸጥኩት። ባንክ ከቀረው ሃያ ሁለት ሺህ ጋር ተደምሮ ታንከሩና ፓምፑ ተገዙ። ሰባቱ ሺህ ኪሳራዬ ነው፤ ትምህርት ቤት ከፍያለሁ እላለሁ። ቤዙን ለአጥቢያችን ሰጠሁ። ያማሃው ደግሞ ጣውላ ላይ መስመር አስምራ ባትለማመድም፣ ከጓደኛዋ እየተዋሰች የምትማር አንዲት የወጣቶች ኅብረት እኅት ጋ ነው። ሦስቱ ቤት አሉ።

እምነቱ ወዲያው ተመለሰ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አንድ ውሸት ይበቃኛል። ለወራት ባለቤቴ የባንክ ደብተሩን እንዳሳያት ትጠይቀኝ ነበር። መጀመሪያ ይከነክነኝ ነበር። የተላቀቀ ድጋፍ ሙጫ ተቀብቶ፣ ተጨምቆ፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ቸኩሎ ክሩን የሚወጥር መልሶ ይሰብረዋል። ዛሬ ሳትጠይቀኝ አሳያታለሁ።

ውድ አንባቢዎች፣ መሰብሰብ በራሱ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 6፣ ደስ እንዲለን ሁሉን አትረፍርፎ የሚሰጠን እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይናገራል። የእናንተ ቤት ነገር ጊታር ላይሆን ይችላል። ስልክ፣ ጫማ፣ የሻይ ስኒ፣ ለወላጅ በስውር የሚላክ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት የሚሠሩትን ሦስት ነገሮች ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ዋጋው ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ይነገራል፤ ከነሽርፍራፊው። ሁለተኛ፣ ሦስት ወር ያልነካሁት ጊታር ለሚጫወት ይሰጣል ወይም ይዋሳል። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ነው፤ የተረሳ ጊታር እንጨቱ ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ ረቡዕ ማታ ለቤተሰቤ ብቻ እጫወታለሁ። መድረክ የለም፣ ማጉያ የለም።

ባለፈው ረቡዕ ባለቤቴ ሳህን እያጠበች፣ ያቺን የተጠገነች የናይለን ጊታር አንሥቼ ስቃኝ "እርሷን ነው የምወዳት" አለችኝ። "ስንት እንደ ገዛሃት ነግረኸኛል።" ከኋላዋ የቧንቧው ውሃ ይወርድ ነበር።

የምትወዱትን ነገር ማስቀመጥ የምትችሉበትን ጸጋ፣ ዋጋውንም በግልጽ የምትናገሩበትን ድፍረት ጌታ ያብዛላችሁ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ቤታችሁ ይባረክ።